«ወንድም ጋሼ»ን ማን ይተርጉመው?

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን የኮሪያን ተከታታይ ድራማ «የእንቅልፍ ኪኒን» ብሎት ነበር። ዶርም ውስጥ ላፕቶፕ ከበው የሚያነጉትን ተማሪዎች እየጠቀሰ፣ ባዕድ ባህል እስከ መኝታችን ዘልቆ መግባቱን፣ ሰፊው ተመልካች የወደደው ነገር ሁሉ ደግሞ ርካሽ መሆኑን ሊያስረዳን ሞክሯል። ቁጣውን አንንቅም። ዳሩ ግን ቁጣ ሂስ አይደለም። ሐያሲ የሚባል ሰው አንድን ሥራ ከመኮነኑ በፊት ሥራውን ማየት አለበት፤ ወንድማችን ደግሞ፣ ጽሑፉ ራሱ እንደሚመሰክርበት፣ ከሁለት ክፍል በላይ አላየም። እኛ አይተናል። እውነቱን ለመናገር ከሚገባን በላይ አይተናል።

«እኛ» የምንለው በዕረፍቱ ጊዜ ሻኪሶ የከረምን አራት ተማሪዎች ነን። ሻኪሶን በካርታ ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ጉጂ ዞን ውስጥ የምትገኝ፣ የአዶላ ጎረቤት የሆነች፣ ስሟ ከለገ ደምቢ ወርቅና ከቡናዋ ጋር የሚነሣ ከተማ ናት። ያየንበት ቦታ ሲኒማ ቤት እንዳይመስላችሁ። የጎረቤት ሳሎን ነው። የቤቱን እመቤት «አዴ» እንላቸዋለን፤ ስማቸውን እዚህ አናወጣም። ልጃቸው አሥረኛ ክፍል ናት። ገበያው ዳር ካለ ፍላሽ ከሚጭን ሱቅ ሄዳ ድራማውን ታስጭናለች፤ መብራት ካለ ቡናው ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል።

ድራማው የሚናገረው በኮሪያኛ ነው። ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። ልጅቷ እንግሊዝኛውን እያነበበች ለእናቷ በኦሮምኛ ትነግራለች፤ ወዲያው ደግሞ ኦሮምኛ እምብዛም ለማይሰሙ አንዲት ጎረቤት በአማርኛ ትደግመዋለች። አንዳንዴ ሥዕሉ ጥሏት ይሮጣል። ያን ጊዜ ሪሞቱን ተጭና ታቆመዋለች፤ ኮሪያዊው አፉን እንደ ከፈተ ይቀራል፤ እሷ አስረድታ ስትጨርስ ይለቀቃል። እኛ ዩኒቨርሲቲ የበጠስን ነን ባዮች ስናግዛት ሞክረን ነበር። «እናንተ ትዘገያላችሁ» ብላ አባረረችን።

ይህ ዓይነቱ ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። አንድ ሰው የወንዱንም የሴቱንም ቃል በአንድ ድምፅ እየተናገረ፣ የራሱንም ቀልድ ጣል እያደረገ የሚተርክበት «ትርጉም ፊልም» የሚባለው ነገር ብዙ ቤት ገብቷል። ሐያሲዎቻችን አይጽፉበትም። ቢጽፉበት ኖሮ ተረት ነጋሪው በምን ዓይነት አዲስ ልብስ እንደ ተመለሰ ባዩ ነበር።

ወደ ጉዳያችን እንግባ። አንድ ምሽት የተጫነው «ስኩዊድ ጌም» ነበር። ሁዋንግ ዶንግ ህዮክ ጽፎ ያዘጋጀው፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ዘጠኝ ክፍል ብቻ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በኔትፍሊክስ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ድራማ ነው። ታሪኩ ስለ ታወቀ ባጭሩ እናልፈዋለን፤ ዕዳ ያነቃቸው 456 ሰዎች የልጆች ጨዋታ ይጫወታሉ፣ የተሸነፈ ይገደላል፣ የመጨረሻው አሸናፊ 45.6 ቢሊዮን ዎን ይወስዳል። ልጅቷ ደም የሚፈስበትን ቦታ እያሳለፈች ነው ያሳየችን፣ እናቷን ፈርታ።

ከተጫዋቾቹ አንዱ አሊ የሚባል፣ ከፓኪስታን ለሥራ የመጣ ወጣት ነው። አሠሪው ደመወዙን ከልክሎታል። አሊ ከጨዋታው ውጭ ሳንግ ዉ የሚባል የተማረ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ያጋጥመዋል፤ ሰውየው የአውቶቡስ ሒሳብ ይሰጠዋል። አሊም ከዚያ ወዲህ ሠራተኛ አሠሪውን በሚጠራበት የክብር ቃል ይጠራዋል። ሳንግ ዉ ቆይቶ እንዲህ አትበለኝ፣ «ህዮንግ» በለኝ ይለዋል። ህዮንግ ማለት ወንድ ልጅ ታላቅ ወንድሙን የሚጠራበት ቃል ነው። እንግሊዝኛው እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ ይጨንቀዋል፤ ለዚህ የሚሆን መጠሪያ የለውም፤ ብዙ ጊዜ በሰውየው ስም ይተካውና ያልፋል። ልጅቷ ግን አላለፈችውም። ድራማውን አቆመችና ለእናቷ «ሀንገፋ ኮ» አለች። ዞር ብላ ለጎረቤቷ ደግሞ «ወንድም ጋሼ በለኝ አለው» አለች። አዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎረቤቲቱ «ውይ!» አሉ።

ልብ በሉ፣ ይህ ቃል እንግሊዝኛው ላይ አልነበረም። ልጅቷ ያገኘችው በጆሮዋ ነው። ብዙ ድራማ ያየ ሰው ኮሪያኛ ባያውቅም «ህዮንግ»ን፣ «ኦፓ»ን፣ «ኦኒ»ን ለይቶ ይሰማል። ኦፓ ሴት ልጅ ታላቅ ወንድሟን፣ ከዚያም አልፎ የምትወደውን ሰው የምትጠራበት ነው። ኦኒ ታላቅ እኅቷን ነው። ለማያውቁት ጎልማሳ «አጆሺ» ይላሉ፤ የእኛው «ጋሼ» ማለት ነው። ለጠና ሴት «አጁማ» አለ፤ እዚህም እዚያም ሴትየዋ ቃሉን ሰምታ «አረጀሁ እንዴ?» ብላ የምትቆጣበት ጊዜ አይታጣም። ከእሱ በፊት ትምህርት ቤት የገባውን ተማሪ የሚጠሩበት «ሰንቤ» የሚሉት ቃል ደግሞ አለ፤ እኛ ግቢ ውስጥ «ሲኒየር» እንለዋለን፣ አክብሮቱ ቢቀነስም።

መጠሪያው ብቻ አይደለም። ኮሪያኛ እንደ አማርኛ ግሡ ውስጥ የሰሚውን ማዕረግ ይይዛል፤ እንዲያውም ደረጃው ከእኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ይበልጣል። ሁለት ወጣቶች ሲተዋወቁ በመከባበር ይጀምራሉ። ከዚያ በአንድ ምሽት፣ ምናልባት በሰባተኛው ክፍል፣ አንዱ ንግግራችንን እናውርድ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ «አንቺ ልበልሽ?» ብሎ የጠየቀ፣ ወይም ተጠይቃ የደነገጠች ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ ነው። እንግሊዝኛው ፊት በመጀመሪያውም ክፍል «ዩ» ነው፣ በሰባተኛውም «ዩ» ነው፣ በመጨረሻውም «ዩ» ነው። ወንድማችን «ሰባት ክፍል ሙሉ ምንም አይሆንም» ብሎ የጻፈው እኮ ይኸን ነው! ይሆናል እንጂ። ግሡ ላይ ይሆናል። እሱ ያየው ግሡ የተነቀለበትን ድራማ ነው።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። እነዚህ ድራማዎች የቆሙት በሰውና በሰው መካከል ባለው መጠሪያ ላይ ነው፤ ማን ለማን ምን ይላል፣ ያ ቃል ምን ዓይነት ዕዳ ያስከትላል በሚለው ላይ። ሻኪሶ ሳሎን ውስጥ የተወደዱት ባዕድ ስለሆኑ አይደለም፤ ልጅቷ የተሰረቀውን ቃል ስለ መለሰችላቸው ነው።

ምሳሌ እንጨምር። «ዴ ጃንግ ጉም» እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 ኤምቢሲ በተባለው የኮሪያ ጣቢያ የተላለፈ፣ ኪም ያንግ ህዮን የጻፈችው፣ 54 ክፍል ያለው ድራማ ነው። ከቤተ መንግሥት ማድ ቤት ተነሥታ የንጉሥ ሐኪም ስለ ሆነች ሴት ይተርካል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ትንሿ ጃንግ ጉም የምታገለግላቸው እመቤት ሃን ውሃ አምጪልኝ ይሏታል። ታመጣለች፤ አይደለም ይሏታል። ለብ ያለ ታመጣለች፣ ቅጠል ጨምራ ታመጣለች፤ አሁንም አይደለም። ልጅቷ ቀን ከሌት ስታስብ ትቆይና በመጨረሻ ውሃውን ትታ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች፤ ሆድዎን ያምዎታል ወይ፣ ጉሮሮዎ እንዴት ነው፣ ዛሬ እንዴት ውለዋል። እመቤቲቱ የፈለጉት ይኸንን ነበር። ውሃም ዕቃ ውስጥ ገብቶ ለሰው ከቀረበ ምግብ ነው፤ ከማቅረብ በፊት ደግሞ የሚበላውን ሰው ማወቅ ይቀድማል።

አንድ ብርጭቆ ውሃ! ጥይት የለም፣ መኪና የለም፣ ፍቅር እንኳ የለም። አዴ ይህን ሲያዩ ሲኒውን አስቀምጠው «ልጅን እንዲህ ነበር የሚያስተምሩት» አሉ። እንደኛ ግን የትዕይንቱ ኃይል ከትምህርቱ ይልቅ አሠራሩ ላይ ነው። ደራሲዋ የልጅቷን ብልህነት በሰው አፍ አላስመሰከረችም። ሦስት ጊዜ እንድትወድቅ አድርጋ አራተኛው ላይ አፏን ከፈተችላት።

ሌላው «ሪፕላይ 1988» ነው። ቲቪኤን በተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2016 የታየ፣ ሊ ዉ ጀንግ የጻፈችው፣ በሴኡል አንድ ሰፈር ውስጥ ስለሚኖሩ አምስት ልጆችና ስለ ቤተሰቦቻቸው የሚተርክ ድራማ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ እራት ሲደርስ እናቶቹ ሳህን ሞልተው ልጆቻቸውን ወደ ጎረቤት ይልካሉ፤ ልጁ የጎረቤትን ሳህን ይዞ ይመለሳል፤ እንደ ገና ይላካል። ልጆቹ መንገድ ላይ ሳህን ተሸክመው ይተላለፋሉ። እናቶቹ እርስ በርሳቸው በስም አይጠራሩም፤ «የእገሌ እናት» ነው የሚባባሉት። ሻኪሶ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ልጅቷ ድራማውን ማቆም አላስፈለጋትም። ሁሉም በልጁ ስም የሚጠራበት መንደር ነውና «ሃደ እገሌ» ብላ ቀጠለች።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታሪክ የገንዘብ ታሪክ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ለኮሪያ ፕሬዚዳንት የቀረበ አንድ ሪፖርት «ጁራሲክ ፓርክ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ያስገኘው ገቢ 1.5 ሚሊዮን የሂዩንዳይ መኪና ከመሸጥ ጋር እኩል መሆኑን አሳይቶ መንግሥቱን እንዳስደነገጠ ይጠቀሳል። በ1999 የባህል ኢንዱስትሪን የሚያበረታታ ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት ግን በ1997 የቻይና ቴሌቪዥን አንድ የኮሪያ የቤተሰብ ድራማ አሳይቶ ተወዶለት ነበር። በ2003 ጃፓን «ዊንተር ሶናታ»ን ማሳየት ጀመረች፤ በሚቀጥለው ዓመት ተዋናዩ ቤ ዮንግ ጁን ቶኪዮ ሲወርድ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች፣ አብዛኞቹ በእናት ዕድሜ ያሉ፣ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቀለቁት። «ዴ ጃንግ ጉም» ኢራን ድረስ ሄደች። ኔትፍሊክስ በ2023 በአራት ዓመት ውስጥ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለኮሪያ ሥራዎች እንደሚያውል አስታውቋል። ሕግና ካፒታል ድራማውን ከወደብ ያወጣዋል። ሳሎን ውስጥ የሚያስቀምጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጥያቄው እሱ ነው።

«ዊንተር ሶናታ» ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር እንበል። ድራማው ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አንዷ ቹንቾን ከተማ ናት። ቹንቾን የክረምት ፍቅረኞች መሳለሚያ ከመሆኗ በፊት የእኛ ናት። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ ከዘመቱት ከ6,000 የሚበልጡ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ውስጥ ከ120 በላይ የሚሆኑት አልተመለሱም፤ የመታሰቢያ ሐውልታቸው የቆመው ቹንቾን ነው፣ በ1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀ። አጠገቡ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ። እንግዲህ ጃፓናዊቷ እመቤት የተዋናዩን ዱካ ተከትላ ቹንቾን ስትደርስ፣ ከአያቶቻችን ሐውልት ብዙም አትርቅም ማለት ነው። የሻኪሶም ቡና በአገሩ ስም ተለጥፎበት ውጭ አገር ይሸጣል፤ ኮሪያም ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢዎች አንዷ ናት። «ኮፊ ፕሪንስ» የሚለውን እ.ኤ.አ. የ2007 ድራማ ስናይ፣ እነዚያ ቆንጆ ወጣቶች ቡናውን እያሸተቱ ሲራቀቁ፣ ከመካከላችን አንዱ «ምናልባት የአጎቴ ነው» ብሎ አስቆናል። ሳቁ መራራ ነበረበት። ቡናው በስሙ ሄደ፤ ወታደሩ በስሙ ሄደ፤ ድራማው ሲመጣ ግን በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ መጣ።

በነገራችን ላይ የዚህን ድራማ ርእስ «የክረምት ዜማ» ብለን ብንተረጉመው አዴ «ታዲያ ዝናቡ የት አለ?» አሉን። ያ ሁሉ በረዶ በጋ ነው ወይስ ክረምት? ለጉጂ ደግሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ነው። አንድ ቃል መተርጎም እንዲህ ያደክማል።

ስለ ትርጉም ከተነጋገርን ቃናን ሳናነሣ አናልፍም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የውጭ ድራማዎችን፣ ከሁሉ በላይ የቱርክን፣ አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ ድምፅ እያለበሰ አቀረበ። «ጥቁር ፍቅር» በታየበት ሰዓት ስንቱ ቤት እራት እንደ ዘገየ የሚያስታውስ ያስታውሳል። በዚያው ሰሞን የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎች ባህላችን ተወረረ፣ እንጀራችን ተነጠቀ ብለው ተነሡ። እንጀራን በተመለከተ ሥጋታቸው የምር ነበር፤ ተዘጋጅቶ የመጣ ድራማን ድምፅ ማልበስ አዲስ ድራማ ከመሥራት ይረክሳልና ውድድሩ እኩል አይደለም። ባህልን በተመለከተ ግን አንድ ነገር የሳቱ ይመስለናል። ቱርኮችም ታላቅ ወንድምን «አቢ»፣ ታላቅ እኅትን «አብላ» ይላሉ፤ አንተንና እርስዎን ይለያሉ። የመጣው ባዕድ ባህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልገባን። እኛን ያስደነገጠን ሌላ ሰው የእኛን ጨዋታ ከእኛ የተሻለ መጫወቱ ነው።

ድምፅ ማልበስ የራሱ ጣጣ አለው። ከንፈር ከቃል ጋር መግጠም አለበት። አማርኛ ደግሞ ሲያከብር ይረዝማል፤ «ና» የነበረው «ይምጡ» ይሆናል። ቦታ ሲጠብ ቀድሞ የሚጣለው መጠሪያው ነው፤ «ጋሼ» ትወድቅና ስም ይቀራል። አንዳንድ ትርጉም ስናዳምጥ ልጅ አባቱን እንደ ባልንጀራው ሲናገረው የምንሰማው፣ አባትየው ግን የሚቆጣው በሌላ ነገር መስሎን ግራ የምንጋባው ለዚህ ነው።

እስካሁን ያልነውን ያነበበ ሰው «እነሱም እንደኛ ሽማግሌ ያከብራሉ» ልንል የፈለግን ሊመስለው ይችላል። ይህን የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን አንልም። ይህ የቱሪስት አነጋገር ነው። አክብሮት በኮሪያ ድራማ ውስጥ ጌጥ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መሣሪያ ነው። ሀብታሟ እናት የልጇን ድሃ ፍቅረኛ ጠርታ፣ በጨዋ ግሥ እያናገረች፣ ፖስታ ሙሉ ገንዘብ ትገፋላታለች፤ እንቢ ስትላት ውሃ ፊቷ ላይ ትደፋባታለች። አለቃው ምንዝሩን ዝቅ ባለው ግሥ ይጠራዋል፣ ምንዝሩ ከፍ ባለው ይመልሳል፤ የመደብ ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይታተማል።

ደግሞ መጥፎው ብዙ ነው። የከበርቴ ልጅ ድሃዋን ያገባና የድህነት ጥያቄ እዚያው ተፈታ ይባላል። መኪና ይገጨውና ትዝታው ይጠፋል፤ ከአሥር ድራማ በስንቱ ትዝታ እንደ ጠፋ መቁጠር ትተናል። «ዊንተር ሶናታ» ራሱ፣ በጃፓን ያን ያህል የተለቀሰለት፣ በአደጋና በመርሳት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በሁለተኛው እኩሌታ እኛ ማዛጋት ጀምረን ነበር። ድሃዋ ልጅ የምትኖርበት የሰገነት ክፍል ለእኛ ዓይን ቪላ ነው። በዚህ በኩል ወንድማችን ኪኒን ቢለው አንከራከረውም።

ጥሩዎቹ ግን መጠሪያውን ለፍርድ ያቀርቡታል። ወደ አሊ እንመለስ። በስድስተኛው ክፍል ተጫዋቾቹ ጥንድ ጥንድ እንዲሆኑ ይታዘዛሉ። አሊ ያለ ጥርጥር ከወንድም ጋሼው ጋር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው እርስ በርስ መሆኑ የሚነገራቸው፤ የብይ ጨዋታ ነው፣ የተሸነፈ ይሞታል። አሊ እያሸነፈ ነበር። ሳንግ ዉ ሁለታችንም የምንድንበት ዘዴ አለኝ ይለዋል፤ ብዩን በከረጢት አድርጎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥልለታል፤ አሊ ዞር ሲል በከረጢቱ ውስጥ የቀረው ጠጠር ነው። አሊ ወንድም ጋሼውን እየተጣራ ይሞታል። ያ ቃል መጀመሪያ ሲሰጠው ስጦታ መስሎት ነበር።

እንግሊዝኛውን ብቻ ያነበበ ሰው እዚህ የሚያየው አንድ ሰው ሌላውን ሲያታልል ነው። ሻኪሶ ሳሎን ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው «ወንድም ጋሼ» የሚለው ቃል ራሱ ገመድ ሆኖ ሲያንቅ ነው። ልዩነቱ ይኸን ያህል ነው። ለዚህ ነው መጠሪያን መተርጎም የሥዋስው ጉዳይ አይደለም የምንለው።

የራሳችንን ሥራ በዚህ ሚዛን ብናየውስ? አገራችን ተከታታይ ድራማ አታውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ 257 ክፍል ሲተላለፍ ሰው ጆሮውን ሰጥቶት ነበር። «ገመና» እና «ሰው ለሰው» ቤተሰብ ሰብስበዋል፤ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያልጠላ ማን አለ? ተመልካች አልጠፋም፤ ተዋናይም አልጠፋም። የሚጎድለን ምልልሱ ላይ ነው። ብዙዎቹ ድራማዎቻችን ውስጥ ባል ሚስቱን፣ ልጅ አባቱን፣ ደላላ ስደተኛውን የሚያናግሩት በአንድ ዓይነት ቀጥ ያለ የጽሑፍ ቋንቋ ነው፤ ቃለ ጉባኤ የሚነበብ ይመስላል። እኛ ደግሞ ከቤታችን ስንወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ግሥ እንቀይራለን! ታክሲ ውስጥ «እናቴ» ያላት ሴት ሒሳብ ስትዘገይ «አንቺ!» ትሆናለች። ደላላው ገንዘቡን እስኪቀበል «ወንድሜ» ይላል። ደራሲዎቻችን ይህን ሀብት ቁጭ ብለው እያዩ አያነሡትም። ስለ ይሉኝታ ትልልቅ ንግግር ያስነግራሉ እንጂ፣ ይሉኝታ አንድ ሰው ግሥ ሲመርጥ ምላሱ ላይ እንዴት እንደሚሠራ አያሳዩንም።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ማን ይተርጉም፣ በምን ቋንቋ? አዴ ድራማውን የሚያውቁት በኦሮምኛ ነው፣ በልጃቸው አፍ። ልጅቷ በመጪው ዓመት ትምህርት ከበዛባት፣ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች፣ ለአዴ ድራማው ይዘጋል። ጉጂ ወልዶ ያደገበት ኦሮምኛ ለታላቅና ለታናሽ፣ ለአማትና ለምራት የራሱ ጥንቃቄ ያለው ቋንቋ ነው፤ ምናልባት «ህዮንግ»ን ለመሸከም «ሀንገፋ» ከ«ወንድም ጋሼ» የተሻለ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ላይ እኛ አራታችን አልተስማማንም። ሁለታችን «ሀንገፋ» በኩር ነው፣ ኀላፊነት አለበት፣ ስለዚህ ክህደቱን ያከብደዋል እንላለን። ሁለቱ «ወንድም ጋሼ» ውስጥ ያለው ፍቅር እዚያ የለም ይላሉ። በሚቀጥለው የሥነ ጽሑፍ ምሽት የአሊንና የሳንግ ዉን ምልልስ በሁለቱም ቋንቋ ተርጉመን እናነበዋለን፤ ወንድማችንም መጥቶ ይስማን፣ ይተቸንም።

አንድ ነገር ቀርቶናል። የአሊ ሞት የታየ ምሽት አዴ እንደ ወትሮው አስተያየት አልሰጡም። ታላቁ ልጃቸው ወደ ደቡብ፣ በሞያሌ በኩል፣ ከወጣ ቆይቷል፤ የወሰደውም የሚያውቀው ሰው ነበር። ልጅቷ ይህን አስባ መሰለን ቴሌቪዥኑን ልታጠፋው ስትል «ተዪው» አሏት። ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ጠየቁን፤ አሊ መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ሰጥቶ ከነሕፃኗ ወደ አገሯ የሸኛት ሚስት ነበረችው፤ ለሚስቱ ማን ነገራት?

አናውቅም አልን። ልጅቷም አላስታወሰችም። ማታውን ወደ ቤት ተመልሰን ዘጠኙንም ክፍል እንደ ገና ከፈትን። አሸናፊው የአንዷን ሟች ታናሽ ወንድም ይፈልጋል፤ ለሳንግ ዉ እናት ገንዘብ ያደርስላታል። የአሊን ሚስት ግን ማንም አይጠራትም። ደራሲው ረስቷታል፤ እኛም ሁለት ጊዜ አይተነው አላስተዋልንም ነበር።

በማግስቱ ሄደን ነገርናቸው። «እንዲያ ነው» አሉና ሲኒ አቀረቡልን።